ባርኮድ ለምትመርጡ ወጣት ባለሙያዎች

ልጆቼ፣ የምትሠሩበት ድርጅት ለዕቃዎቹ ባርኮድ እንድትመርጡለት ሲጠይቃችሁ አብዛኞቻችሁ በቅድሚያ የምታነሡት ጥያቄ የትኛው ዓይነት ብዙ መረጃ እንደሚይዝ ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት ኮዱ ሲቆሽሽ፣ ሲቀደድ ወይም ግማሹ ብቻ ሲነበብ ስሕተቱን ራሱ ይለያል ወይስ የተሳሳተ ቁጥር እንደ ትክክለኛ ያቀብላል ብላችሁ እንድትጠይቁ እመክራለሁ። ስካነሩ እንቢ ያለው ባርኮድ ሠራተኛውን ደግሞ ያስሞክረዋል፤ በስሕተት የተነበበው ግን ማንም ሳያየው መዝገብ ውስጥ ይገባል።

ይህን የተማርኩት በአንድ የመድኃኒት መጋዘን ነው። ካርቶኖቹ ላይ የታተመው አይቲኤፍ 14 ነበር። ይህ ዓይነት ቁጥር ብቻ የሚይዝ ሲሆን አሃዞቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ አንዱን በጥቁሮቹ መስመሮች፣ ሌላውን በመካከላቸው ባሉት ነጭ ክፍተቶች ይጽፋል፤ መስመሮቹም ሰፋ ተደርገው ስለሚታተሙ ሻካራ ካርቶን ይችላቸዋል። የመነሻና የመድረሻ ምልክቶቹ ግን በጣም ቀላል ስለሆኑ፣ የስካነሩ ብርሃን አዘንብሎ ሲያልፍ መሐል ላይ ያለ መስመር መድረሻ ሊመስለው ይችላል። የእኛ ስካነር ማንኛውንም ርዝመት እንዲቀበል ተደርጎ ስለነበር 14 አሃዝ መሆን የሚገባው ቁጥር አልፎ አልፎ አጥሮ ይመዘገብ ነበር። ቆጠራው ከመደርደሪያው ጋር አልገጥም ሲል ለብዙ ቀናት የግምጃ ቤቱን ሠራተኛ ጠረጠርን፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ኮዱን የሚከብበው ወፍራም ጥቁር ክፈፍ የተሠራው አዘንብሎ የሚያልፈውን ንባብ ለማክሸፍ ስለሆነ ቦታ ለመቆጠብ ብላችሁ አታስቀሩት፤ ስካነሩንም 14 አሃዝ ብቻ እንዲቀበል አድርጉት።

በሱቅ የሚሸጥ ዕቃ ላይ ምርጫው የእናንተ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 1974 በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ትሮይ ከተማ በአንድ የማስቲካ ጥቅል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በካሸር የተነበበው ዩፒሲ የተባለው የሱቅ ዕቃ ባርኮድ 12 አሃዝ ሲኖረው፣ እኛ ዘንድ የለመድነው ኢኤኤን 13 ደግሞ 13 አለው። በአገራችን የታተመ መጽሐፍ ጀርባ ላይ 978 ከዚያም 99944 ብሎ የሚጀምረው ቁጥር የዚሁ ዓይነት ነው። የመጨረሻው አሃዝ ከቀሩት ተሰልቶ የሚገኝ ማረጋገጫ ነው፤ አሃዞቹ ከግራ ጀምሮ በ1 እና በ3 እየተፈራረቁ ተባዝተው ይደመሩና ድምሩን ወደሚቀጥለው አሥር የሚያደርሰው ቁጥር ይጻፋል። አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ሁልጊዜ ይታወቃል፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ሲለዋወጡም፣ እንደ 1 እና 6 በአምስት የሚበላለጡ ካልሆኑ በቀር፣ ይያዛል። በነገራችን ላይ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች ዕቃው የተሠራበትን አገር ይናገራሉ የሚባለው ስሕተት ነው። 616 ኩባንያው ቁጥሩን ከኬንያ እንደወሰደ ያሳያል፤ ዕቃው ግን ሌላ አገር ተመርቶ ሊሆን ይችላል።

ለውስጥ አገልግሎት፣ ለምሳሌ ለቋሚ ንብረት መለያ፣ ፊደል ሲያስፈልጋችሁ ኮድ 39 እና ኮድ 128 ይቀርቡላችኋል። ኮድ 39 አንድ ፊደል ወይም አሃዝ በሚወክለው በእያንዳንዱ ምልክት ውስጥ ካሉት ዘጠኝ መስመሮችና ክፍተቶች ሦስቱ ብቻ ሰፊ ስለሚሆኑ አንድ ጉድለት ምልክቱን ወደ ሌላ ምልክት የመለወጥ ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን የማረጋገጫ ምልክት ግዴታው አይደለም፣ ቦታም ይፈጃል። ቀጭኗን መስመር እንደ አንድ መለኪያ ብንወስድ 14 አሃዝ በኮድ 39 ከ200 በላይ ሲፈልግ፣ አሃዞችን በጥንድ በሚጽፈው ኮድ 128 በ112 ያልቃል። ኮድ 128 ማረጋገጫውን በግዴታ ስለሚይዝ፣ ያሉት መሣሪያዎች ኮድ 39 ብቻ የሚያነቡ ካልሆኑ በስተቀር እኔ እርሱን እመርጣለሁ።

ማተሚያ ቤቱ ናሙና ሲያመጣላችሁ በግራና በቀኝ ያለው ነጭ ኅዳግ እንዳልተቆረጠ በማስመሪያ ለኩ፤ ለኢኤኤን 13 በግራ የ11፣ በቀኝ የ7 ቀጫጭን መስመሮች ስፋት ያስፈልጋል። ከዚያ ናሙናውን በእውነተኛው ካርቶን ላይ ለጥፋችሁ፣ ስካነሩን ሆን ብላችሁ እያዘነበላችሁ ደጋግማችሁ አንብቡት፣ የወጣውን ቁጥርም ከታች ከታተመው ጋር አሃዝ በአሃዝ አስተያዩ።