የፓምፑ ግፊት ሲለወጥ መፍቻ ለማንሳት አትቸኩሉ

ውድ ወጣት የላብራቶሪ ባለሙያዎች፣

በሊኩዊድ ክሮማቶግራፊ (ድብልቅን በፓምፕ በሚገፋ ፈሳሽ ኮለም በሚባል ቱቦ ውስጥ እያሳለፉ በየክፍሉ መለየት) ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ለእናንተ ላካፍል የምፈልገው ስክሪኑ ላይ ስላለችው የግፊት ቁጥር ነው። አብዛኞቻችሁ የምታይዋት ማንቂያው ሲጮህ ብቻ ነው። እኔም በእናንተ ዕድሜ እንደዚያው ነበርኩ።

አንድ ጊዜ ግፊቱ ቀን በቀን ትንሽ ትንሽ መጨመር ጀመረ። 120 ባር የነበረው 140፣ ከዚያ 160 ሆነ። ሥራው አጣዳፊ ስለነበር የማንቂያውን ጣሪያ ከፍ አድርጌ ቀጠልኩ። በመጨረሻ ፓምፑ ቀጥ አለ። ችግሩ የፓምፑ መስሎኝ ፈታታሁት። ፈሳሽ እንዳያፈስ የሚያሽገውን ሲል ቀየርኩ፣ ፈሳሹን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን ቼክ ቫልቭ ቀየርኩ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ለፋሁ። ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። ለካ የተደፈነችው ከኮለሙ በፊት ሆና ቆሻሻ የምትይዝለት ትንሿ ጋርድ ኮለም ነበረች። እሷን መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ያኔ ያልገባኝ ይህ ነው። ፓምፑ የሚታዘዘው ፍሰት እንዲሰጥ ነው። በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር ካላችሁት ያንኑ ይገፋል። ግፊቱ የሚነግራችሁ ከፊቱ ያለው መንገድ ምን ያህል እንደጠበበበት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲወጣ ከፓምፑ ወዲያ ያለውን ፈትሹ። ሲወርድ ደግሞ ወይ ፈሳሹ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው፣ ወይ ፓምፑ የታዘዘውን እየሰጠ አይደለም።

ግን ሁሉም ለውጥ ብልሽት አይደለም። ውኃና ሜታኖል እኩል በእኩል ሲደባለቁ ከሁለቱም ለየብቻ ይልቅ ይወፍራሉ። ስለዚህ በግራዲየንት (የፈሳሾቹ ድብልቅ መጠን ቀስ በቀስ በሚለወጥበት ሩጫ) መሃል ግፊቱ ወጥቶ ቢወርድ ጤናማ ነው። ክፍሉ ወይም የኮለሙ ማሞቂያ ሲቀዘቅዝም ግፊቱ ይጨምራል። ውስጡ የታጨቀው ቅንጣት 5 ማይክሮን በሆነ ኮለም ፈንታ ርዝመቱና ስፋቱ እኩል የሆነ የ3 ማይክሮን ኮለም ብታስገቡ ግፊቱ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። መጀመሪያ «ከትናንት ወዲህ ምን ተቀየረ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ግፊቱ በእርግጥ ከፍ ካለ ፈሳሹን ወደ ኮለሙ ሳይሄድ ወደ ውጭ የሚያስወጣውን ፐርጅ ቫልቭ ክፈቱ። ቁጥሩ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ፓምፑን ተዉት፤ የተደፈነው ከዚያ ወዲያ ነው። ከዚያ መነጽራችሁን አድርጉ፣ ፍሰቱን ቀንሱና ከኮለሙ የሚወጣውን ከሚለካው ዲቴክተር ጫፍ ጀምራችሁ ወደ ኋላ አንድ አንድ ፊቲንግ (የቱቦ ማያያዣ) ፍቱ። አንዱን ስትፈቱ ግፊቱ ድንገት ከወረደ፣ የዘጋው አሁን የነጠላችሁት ክፍል ነው። ኮለሙ ጋ ስትደርሱ ግን ተጠንቀቁ፤ ጤነኛ ኮለምም ቢሆን አብዛኛውን ግፊት የሚይዘው እሱ ነው። ሁለት ነገር በአንዴ አትቀይሩ። ቢስተካከል እንኳ የትኛው እንዳስተካከለው አታውቁም።

ግፊቱ ከፍ ዝቅ እያለ የሚዋዥቅ ከሆነ አየር ገብቶ ይሆናል። ሞባይል ፌዙን (ፓምፑ የሚገፋውን ፈሳሽ) ጋዝ አስወግዱለት፣ ፐርጅ አድርጉ። መዋዠቁ ከፒስተኑ ምት ጋር እኩል የሚመላለስ ከሆነ ቼክ ቫልቩን ጠርጥሩ። በተለይ ንጹሕ አሴቶናይትራይል በሚሄድበት መስመር ላይ በቫልቩ ውስጥ ያለችው ኳስ የመጣበቅ ልማድ አላት።

ዝግተኛ ፍሳሽ በዓይን አይታይም። ባፈር (የአሲድነቱ መጠን እንዳይለዋወጥ ጨው የተጨመረበት ፈሳሽ) ከሆነ ግን ፊቲንጉ ላይ ነጭ የጨው ቅርፊት ይተዋል፤ በጣታችሁና በባትሪ ፈልጉት። ከተጠራጠራችሁ 10 ሚሊ ሊትር ፍላስክና ሰዓት ያዙ። በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር ከሆነ በ10 ደቂቃ መሙላት አለበት።

ባፈርን ነገር አደራ። ፎስፌት ባፈር ውስጥ የነበረን ኮለም በቀጥታ ወደ ንጹሕ አሴቶናይትራይል አትውሰዱት፤ ጨው ሆኖ ይቀመጥበታል። መጀመሪያ ውኃ በበዛበት፣ ባፈር በሌለው ድብልቅ እጠቡት። ሳታጥቡ ወደ ቤት አትሂዱ፣ ቢመሽባችሁም።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ ግፊቱን ደብተር ላይ ጻፉ፤ ከፍሰቱ፣ ከሙቀቱና ከሞባይል ፌዙ ጋር። ኮለም ስትቀይሩ አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት በቦታው ማገናኛ አድርጉና ያለ ኮለም ያለውን ግፊትም መዝግቡ። እኔ በወቅቱ እነዚያ ቁጥሮች በእጄ ቢኖሩ ኖሮ ያንን ፓምፕ ባልፈታሁት ነበር።