ኳሱ 2 ሰዓት ነው፤ እሁዱ ግን የት ገባ?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ እሁድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከሰፈሩ የጤና ቡድን ጋር ኳስ ሊጫወት ይወጣል። ከጨዋታው በኋላ ቁርስ፣ ከቁርሱ በኋላ ቢራ እያለ 8 ሰዓት ይገባና ይተኛል። ሲነሳ ደግሞ ፕሪሚየር ሊግ ሊያይ ዲኤስቲቪ ቤት ይሄዳል። እኔ ቅዳሜ እስከ 7 ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ፤ ያለችን ቀን እሁድ ብቻ ናት። የ9 እና የ5 ዓመት ልጆች አሉን። ስናገረው «ኳስ ልታስተዪኝ ነው?» ይለኛል። (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ቅሬታሽ ተገቢ ነው። ነገር ግን የጻፍሽልንን ሰዓት ስንደምረው እሁዳችሁን የበላው ኳሱ አይደለም። ጨዋታው ከነማሟሟቂያው ቢዘገይ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ያልቃል። ችግሩ ከዚያ እስከ 8 ሰዓት ያለው አምስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ልኩ አይታወቅም። መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅን ሰው የሚጠብቅ ሰው አያርፍም፣ ሌላ ነገርም አይጀምርም። ስለዚህ የምትነጋገሩት ስለ መግቢያ ሰዓቱ ይሁን፤ ኳሱን ተይለት። የጤና ቡድን ለብዙ ወንዶች ለቅሶ የሚደርስ፣ ሲታመሙ የሚጠይቅ ወዳጅ የሚገኝበት ቦታ ነው። «ኳሱን ተው» ስትይው «ጓደኞችህን ተው» ብሎ ይሰማዋል። አንቺ ስትጫኚ እሱ ይሸሻል፣ እሱ ሲሸሽ አንቺ ትጫኛለሽ።

እሁድ ማታ አትናገሪው፤ ደክሞታል፣ ጠጥቷል፣ ምናልባት የሚደግፈው ቡድንም ተሸንፏል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ልጆቹ ከተኙ በኋላ 20 ደቂቃ ይበቃል። አጀማመሩ ላይ ተጠንቀቂ። ተመራማሪዎቹ ሲቢል ካሬርና ጆን ጎትማን እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ አዲስ ተጋቢዎች ሲጋጩ የክርክሩ የመጀመሪያ 3 ደቂቃ ብቻ ትዳሩ መዝለቁንና መፍረሱን ለመገመት እንደሚረዳ አሳይተዋል። «አንተ ሁልጊዜ» ብለሽ ከጀመርሽ እሱ መከላከል ይጀምራል። ይልቅ እንዲህ በይው፦ «ተጫውተህ ስትመጣ ደስ ብሎህ አይሃለሁ። እስከ 8 ሰዓት ስጠብቅህ ግን ይከፋኛል። ለሚቀጥሉት አራት እሁዶች 4 ሰዓት ላይ ለቡና ድረስልኝ።» የሚለካ ጥያቄ ነው፤ እሺም እንቢም ሊባልበት ይችላል። 4 ሰዓት ማለት ከጨዋታው በኋላ ቁርሱን በልቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር ተጨዋውቶ የሚገባበት ጊዜ ነው። የሚቀርበት ቢራው ነው፤ ከሰዓት የሚጥለውም እንቅልፍ በአብዛኛው ከእሱ የመጣ ነው።

ከአቦል እስከ በረካ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስልክ ሳይነካ ይቀመጥ። ከዚያ ማረፍ ከፈለገ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይተኛ፤ ከዚያ ካለፈ ሲነሳ ይጫጫነዋል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉበትን ልንገርሽ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው እሁድ ሊያረፍድ ይችላል፤ ምክንያቱ ንቀት ላይሆን ይችላል፣ ይሉኝታ ነው። ከጠረጴዛው ቀድሞ የሚነሳ ሰው «ሚስቱን ፈርቶ ነው» ይባላል። ስለዚህ ገና ሜዳ ላይ ሳለ «4 ሰዓት ቀጠሮ አለኝ» ብሎ ይናገር፣ የቁርሱን ድርሻ አስቀድሞ ይክፈል፣ በሰው መኪና አይሂድ። አንቺም ጓደኞቹ ፊት ደጋግመሽ አትደውዪ። ልጅም «አባትህን ጥራ» ብለሽ አትላኪ፤ ልጁ የጠባችሁ መልእክተኛ ይሆናል።

ትልቁን ልጅ ግን በወር ሁለት እሁድ ሜዳ ይዞት ቢሄድ መልካም ነው። ለ9 ዓመት ልጅ ቁጥር 4 ኳስ፣ ለ5 ዓመቱ ቁጥር 3 ይገዛለት፤ የአዋቂው ቁጥር 5 ለሕፃን እግር ይከብዳል። ልጅ ይዞ የሄደ አባት ቢራው ጋ ሳይደርስ የመነሳት ምክንያትም ያገኛል።

የቴሌቪዥኑን ጨዋታ በሰዓት ሳይሆን በቁጥር ተስማሙ፤ በሳምንት አንድ፣ ሐሙስ ላይ ራሱ ይምረጥ። እንግሊዞች በጥቅምት ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚመልሱ፣ በመስከረም 12 ሰዓት ተኩል ይጀምር የነበረው የእሁድ ጨዋታ ከዚያ በኋላ እስከ መጋቢት ድረስ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ይሆናል። «ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት የሚጀምረውን» ብላችሁ ከተስማማችሁ ስምምነቱ በጥቅምት ይፈርሳል።

አንቺስ? በደብዳቤሽ ውስጥ የአንቺ የምትዪው አንድም ሰዓት የለም፤ ይህ ከሁሉ በላይ ያሳስበናል። ቅዳሜ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ልጆቹን እሱ ይያዝ፣ አንቺም ከቤት ውጪ። ቤት ውስጥ ካረፍሽ «ጨው የት ነው?» እያለ ይጠራሻል። ስትመለሺ ልጆቹ የተለያየ ካልሲ አድርገው ብታገኚያቸው እንኳ አታርሚው፤ በታረመ ቁጥር ሥራውን መልሶ ለአንቺ ይተወዋል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው እርስ በርስ ካልተፈራራችሁ ነው። ከኳሱ ጀርባ የስፖርት ውርርድ ካለ፣ ደመወዙ ሳይታወቅ የሚያልቅ ወይም ስልኩን የሚደብቅ ከሆነ፣ ወይም ስትናገሪ እጁን የሚያነሳ ከሆነ፣ የመግቢያ ሰዓት ድርድሩን ተዪውና በአካል ባለሙያ አማክሪ፤ መጀመሪያ ብቻሽን ሂጂ።