ጥያቄና መልስ፦ ጥንቸሏ ከሌለች ዓይን እንደማያቃጥል በምን ይታወቃል?

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ዓይንና ስለ ኬሚካል ስለሆኑ ይሄን እትም ለነሱ ሰጥተነዋል። ረዘም ያሉትን ትንሽ አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ አዘጋጆች። የ2 ዓመት ልጅ አለችኝ። የምጠቀምላት ሻምፑ ላይ "በእንስሳት ላይ ያልተሞከረ" ይላል፣ ደሞ "ዓይን አያስለቅስም" ይላል። እንስሳ ላይ ካልሞከሩት እንደማያቃጥል በምን አወቁ? መጀመሪያ የሚሞከረው ልጄ ላይ ነው እንዴ? አንዷ ጓደኛዬ ጭራሽ ማደንዘዣ ጨምረውበት ነው አለችኝና እንቅልፍ ነሳኝ። (የልጅ እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ከማደንዘዣው ልጀምርልሽና ተኝተሽ እደሪ። ማደንዘዣ የለበትም። ወሬው ብዙ ቦታ ይዞራል ግን ውሸት ነው። የልጆች ሻምፑ ብዙም የማያቃጥለው አረፋ የሚያወጣው ኬሚካል፣ ሰርፋክታንት የሚሉት፣ ለስለስ ካለው ዓይነት ተመርጦ ስለሚደባለቅ ነው፣ ሞለኪውሎቹ ተሰባስበው ተለቅ ተለቅ ያለ ክምችት ስለሚሰሩ የዓይንን ሽፋን በቀላሉ ሰርገው አይገቡም። ያው ሳሙና ሳሙና ነውና ጨርሶ አይቆጠቁጥም ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ልጅሽ የመጀመሪያዋ ሙከራ አይደለችም፣ ግን እንዴት እንደሆነ እንዲገባሽ ድሮ ምን ይደረግ እንደነበር ማወቅ አለብሽ። በፈረንጆቹ 1933 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ ላሽ ሉር የሚባል የሽፋሽፍት ማቅለሚያ ገበያ ላይ ውሎ ሴቶችን ዓይናቸውን አጠፋ፣ የሞተችም አለች፣ ይሄና መሰል ነገር ተጠራቅሞ በ1938 ኮስሜቲክስንም የሚቆጣጠር ሕግ ወጣ። ከዛ በ1944 ጆን ድሬዝ የሚባል የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት (ኤፍዲኤ) ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ጥንቸል ላይ የሚሰራውን ቴስት አሳተመ። አሰራሩ ውስብስብ አይደለም፣ የነጭ ጥንቸል አንድ ዓይን ውስጥ 0.1 ሚሊ ሊትር ይጨመራል፣ ሌላው ዓይኗ ለማነጻጸሪያ ይተዋል፣ ከዛ በ1፣ በ24፣ በ48 እና በ72 ሰዓት እያዩ ነጥብ ይሰጣሉ፣ ካልዳነ እስከ 21 ቀን ይጠበቃል። ሙሉ ነጥቡ 110 ነው፣ ከዛ ውስጥ 80ው የኮርኒያ፣ ማለትም ከፊት ያለው ጥርት ያለ መስታወት መሳዩ ክፍል ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ "ጭካኔ ነው ግን አስተማማኝ ነው" ብሎ ያስባል። እኔ በበኩሌ አስተማማኝ የሚለውም አይዋጥልኝም። ነጥብ የሚሰጠው ሰው ነው፣ አይቶ፣ "ትንሽ ቀልቷል" "በጣም ቀልቷል" እያለ። በ1971 ዌይልና ስካላ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ኬሚካሎችን ከ20 በላይ ላቦራቶሪዎች በዚሁ ዘዴ ሲሰሯቸው ምን እንደሚወጣ አይተው ነበር፣ አንዱ ላብ ምንም አያረግም ያለውን ሌላው ከባድ ነው ብሎታል። ደሞ የጥንቸል ዓይን የኛ ዓይን አይደለም፣ ሦስተኛ ቆብ አለው፣ እንባው ያነሰ ነው፣ ኮርኒያውም ከሰው ይሳሳል። ስለዚህ ጥንቸሏ ስትቀር የቀረው እንከን የለሽ መለኪያ አይደለም፣ ይሄ ካልገባን "ያለ እንስሳ የተሰራው ይታመናል ወይ" የሚለው ጥያቄ ራሱ ተንሻፎ ነው የሚነሳው።

ታዲያ አሁን ምን ይሰራል? ለሻምፑ ዓይነት ነገር በብዛት የሚሰራው ከሰው ሴል ላብ ውስጥ የተሰራ ቲሹ ላይ ነው። ሴሎቹ ትንሽ ኩባያ መሳይ ነገር ውስጥ ስስ ሽፋን ላይ ይዘራሉ፣ ከስር ምግባቸውን እያገኙ ከላይ ለአየር ተጋልጠው ድርብርብ ሆነው ያድጋሉ፣ ልክ የኮርኒያ የላይኛው ሽፋን እንደተደራረበው። ኤፒኦኩላር ከሚባለው ዓይነት ላይ ብናይ፣ ፈሳሽ ከሆነ 50 ማይክሮ ሊትር ይደረግበትና ለ30 ደቂቃ ይቀመጣል፣ ይታጠባል፣ ፋታ ይሰጠዋል፣ በመጨረሻ ኤምቲቲ የሚባል ቢጫ ፈሳሽ ይሰጠዋል። በሕይወት ያለ ሴል ቢጫውን ወደ ሰማያዊ ሐምራዊ ይለውጠዋል፣ የሞተ ሴል አይለውጠውም። ቀለሙ ተሟሙቶ ይወጣና ማሽን ይለካዋል፣ ውሃ ብቻ ከተደረገበት ቲሹ ጋር ሲነጻጸር ከ60 በመቶ በላይ ሴል በሕይወት ካለ ነገሩ ዓይን ያስቆጣል ተብሎ አይመደብም። እዚህ ጋ "ትንሽ ቀልቷል" የሚል ሰው የለም፣ ቁጥር ነው። ይሄን ቴስት ኦኢሲዲ፣ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት የሚባለው የአገሮች ማኅበር፣ በ2015 በቁጥር 492 መመሪያ አርጎ አጽድቆታል።

ማሽኑም ይሸወዳል በነገራችን ላይ። ምርቱ ራሱ ሰማያዊ ቀለም ካለው ወይም ኬሚካሉ ያለ ሴል እርዳታ ኤምቲቲውን የሚለውጥ ከሆነ የሞተው ቲሹ በሕይወት ያለ ይመስላል፣ ለዚህ ነው ጥሩ ላብ ለቀለሙ ኤምቲቲ ያልተሰጠው ቲሹ ላይ፣ ለሁለተኛው ደሞ ሆን ብሎ የተገደለ ቲሹ ላይ ጎን ለጎን ሰርቶ እዛ የወጣውን ቁጥር ከውጤቱ የሚቀንሰው።

ስለ ሻምፑው ማሸጊያ ጽሑፍ አንድ ነገር ልጨምር። "በእንስሳት ላይ ያልተሞከረ" የሚለው ብዙ ጊዜ ያለቀለት ምርት አልተሞከረም ማለት ነው እንጂ ውስጡ ያሉት ኬሚካሎች በታሪካቸው እንስሳ አይተው አያውቁም ማለት አይደለም፣ ብዙዎቹ የድሮ የጥንቸል ውጤት አላቸው፣ ዛሬም የሚታየው እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጽሑፉ ሕጋዊ ትርጉም እንኳን የለውም። የአውሮፓ ኅብረት ጠንከር ይላል፣ ለኮስሜቲክስ ተብሎ እንስሳ ላይ የተሞከረ ነገር ከመጋቢት 2013 ጀምሮ እዛ አይሸጥም። ሌላው፣ የመቆጣት ቴስት አለርጂን አይለይም። ላሽ ሉር ውስጥ የነበረው ኬሚካል አለርጂ በማስነሳት የታወቀ ነው፣ አለርጂ ራሱን የቻለ ሌላ ቴስት አለው። ስለዚህ ቴስቱን ያለፈ ሻምፑም ቢሆን የልጅሽን ዓይን ደጋግሞ የሚያቀላ ከሆነ ተይው።

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። ያለ እንስሳ የሚሰሩት የዓይን ቴስቶች ብዙ እንደሆኑ አነበብኩ፣ የከብት ኮርኒያ፣ የዶሮ ዓይን፣ የሰው ቲሹ ምናምን። ጥንቸሏ ብቻዋን ትሰራው የነበረውን ለምን አንድ ቴስት አይሰራውም? (ተማሪ)

መልስ፦ አንተ ልጅ ጥያቄህ ግሩም ነው፣ ምክንያቱም ይሄ ዘርፍ ከ20 ዓመት በላይ የታገለው ከዚሁ ጋር ነው። ምደባው ሦስት ሳጥን አለው በለው። ዓይንን በማይመለስ ሁኔታ የሚጎዳ (ምድብ 1)፣ የሚያስቆጣ ግን በ21 ቀን ውስጥ የሚድን (ምድብ 2)፣ እና የማይመደብ። ሁለቱን ጫፍ መለየት ይቻላል። የሚያስቸግረው መሃሉ ነው።

የከብቱን ኮርኒያ ውሰድ፣ ቢኮፕ ነው የሚሉት፣ የኦኢሲዲ ቁጥሩ 437። ዓይኖቹ ከቄራ በጨው ውሃ ቀዝቀዝ ብለው ይመጣሉ፣ በዚያው ቀን ነው የሚሰራባቸው፣ ጭረት ወይም ጉም ያለበት ይጣላል። ኮርኒያው ተቆርጦ ሁለት ክፍል ባለው መያዣ መሃል እንደ መስኮት ይወጠራል፣ በ32 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ይረጋጋል፣ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያሳልፍ ይለካል። ከዛ 750 ማይክሮ ሊትር ኬሚካል ለ10 ደቂቃ ይደረግበታል፣ ይታጠባል፣ 2 ሰዓት ይቆያል፣ እንደገና ይለካል። ኮርኒያው ተጎድቶ ከሆነ ነጣ ይላል፣ እንቁላል ነጩ ሲበስል ጥርት ማለቱ እንደሚቀረው፣ ፕሮቲኑ ነው የተበላሸው። ቀጥሎ ፍሎረሰይን የሚባል ቢጫ አረንጓዴ ቀለም ከፊት በኩል ይጨመርና ከጀርባ ምን ያህል እንዳለፈ በ490 ናኖ ሜትር የብርሃን ሞገድ ይነበባል፣ የላይኛው የሴል ሽፋን ከተቀደደ ቀለሙ ያልፋል። ሁለቱ ይደመራሉ፣ የንጣቱ ቁጥር ሲደመር 15 ጊዜ የቀለሙ ንባብ። ንጣቱ 12፣ ቀለሙ 0.4 ቢሆን 18 ይመጣል። ከ55 በላይ ምድብ 1 ነው፣ 3 እና ከዛ በታች አይመደብም። 18ስ? መመሪያው ስለ 18 የሚልህ "መወሰን አይቻልም" ነው! እኔ ይሄን ሐቀኝነቱን እወደዋለሁ፣ ደንበኛው ግን አይወደውም፣ ከፍሎ "አላውቅም" ስለሚባል።

ለምን እንደዚህ ሆነ ካልከኝ፣ የተቆረጠ ኮርኒያ አይድንም። ደም የለውም፣ እንባ የለውም፣ ለ21 ቀን አብሮህ አይቆይም። ስለዚህ "ይመለሳል ወይስ አይመለስም" የሚለውን በቀጥታ አይተህ ሳይሆን ከጉዳቱ ጥልቀት ነው የምትገምተው። ላዩ ብቻ ከተነካ ይታደሳል፣ ወደ ውስጥ ከዘለቀ ጠባሳ ይሆናል። የሰው ቲሹውም እንደዛው ነው፣ የላይኛው ሽፋን ብቻ ስለሆነ ከስር ያለው ወፍራሙ ክፍል ምን እንደሚሆን አይነግርህም።

መፍትሄው ቴስቶቹን ማቀናጀት ሆነ። ኬሚካሉ ከባድ ይመስላል ብለህ ከጠረጠርክ ምድብ 1ን ከሚይዘው ትጀምራለህ፣ ቀላል ይመስላል ካልክ የማይመደበውን ከሚለየው ትጀምርና ወደ ላይ ትወጣለህ። ኦኢሲዲ በ2022 ቁጥር 467 ብሎ ይሄን ቅንብር ራሱን መመሪያ አረገው፣ በዚያው ዓመት 492ቢ የሚባለውም ወጣ፣ እሱ ለተለያየ ጊዜ ያህል ኬሚካል እያስነካ ሴሉ በምን ያህል ጊዜ እንደሚሞት አይቶ ሦስቱንም ሳጥን ለመለየት ይሞክራል። እና "አንድ ቴስት ለምን አይሰራውም" ያልከው ነገር እየቀረበ ነው፣ ግን አሁንም ለሁሉም ዓይነት ኬሚካል አይደለም።

ጥያቄ፦ የከብት ዓይን፣ የዶሮ ዓይን እየተጠቀሙ "ያለ እንስሳ" ማለት ቀልድ አይደለም ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ ልክ ነህ፣ ቃሉ ላላ ብሎ ነው የሚሰራበት። "በሕይወት ያለ እንስሳ ሳይነካ" ቢባል ይሻላል። ከብቱም ዶሮውም ለሥጋ ነው የታረዱት፣ ዓይኑ ይጣል የነበረ ነው፣ ለቴስቱ ተብሎ የሞተ የለም። ከዚህም የሚርቅ ሰው የሰው ሴሉን ቴስት ይመርጣል፣ እሱም ቢሆን ሴሉ የሚያድግበት ፈሳሽ ውስጥ አንዳንዴ ከእንስሳ የመጣ ነገር ይኖራል። ፍጹም ንጹሕ ነገር ከፈለግክ እስካሁን የለም።

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሳሙና በእጄ እየሠራሁ ለዘመድ እሰጣለሁ። ፒኤቹን፣ የአሲድነቱንና የአልካሊነቱን ልክ ማለቴ ነው፣ በወረቀት ለክቼ ጥሩ ከሆነ ዓይን አይጎዳም ማለት እችላለሁ? ደግሞስ ጠብታ ራሴ ዓይን ላይ አድርጌ ባየውስ? (አባት)

መልስ፦ አባቴ፣ ሁለተኛውን በፍጹም እንዳያደርጉት። አንድ ዓይን፣ አንድ ቀን፣ አንድ ሰው ምንም አያረጋግጥም፣ ሊያጡት የሚችሉት ግን ብዙ ነው።

ፒኤች መለካትዎ ጥሩ ልማድ ነው፣ ላቦራቶሪዎችም ከሱ ነው የሚጀምሩት፣ ፒኤቹ 2 እና ከዛ በታች ወይም 11.5 እና ከዛ በላይ የሆነ ነገር ብዙ ጊዜ ሳይሞከር ዓይን እንደሚጎዳ ይቆጠራል። በተቃራኒው ግን አይሠራም፣ ፒኤቹ መካከለኛ ሆኖ ዓይን የሚያበላሽ ሞልቷል። ለምሳሌ ጀርም ማጥፊያ ውስጥ ያለው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ወፈር ብሎ ሲገኝ አሲድም አልካሊም ሳይሆን የሴሉን ሽፋን ራሱን ያፈርሳል። ስለዚህ ወረቀቱ "ይሄ አደገኛ ነው" ሊልዎ ይችላል፣ "ይሄ ሰላም ነው" ግን አይልዎትም።

ደሞ እኔን የሚያሳስበኝ ካለቀለት ሳሙና ይልቅ የሚሠሩበት ኮስቲክ ሶዳ ነው። አልካሊ ከአሲድ ይከፋል፣ አብዛኛው አሲድ ላዩ ላይ ፕሮቲኑን አርግቶ ራሱ መንገዱን ይዘጋል፣ አልካሊ ግን የሴሉን ቅባት እያሟሟ ወደ ውስጥ ይገባል፣ የሚጎዳውም ሕመሙ ካለፈ በኋላም ሊሆን ይችላል። ሲያማስሉ ጎን በጎን የሚዘጋ መነጽር ያድርጉ፣ ሶዳውን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ ሶዳው አያፍስሱ። ዓይንዎ ውስጥ ከገባ ለማርከስ ብለው ኮምጣጤም ሆነ ሌላ ነገር አይጨምሩ፣ ቆቡን በጣት ከፍተው በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይታጠቡና የማቃጠል ስሜቱ ቢጠፋም በቀጥታ ሐኪም ጋ ይሂዱ፣ የሶዳውን ማሸጊያም ይዘው ይሂዱ።