የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የባሕር ዳርቻ ጡረተኞች በዘጋቢ ፊልም ካሜራ ፊት

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች። የምኖረው በአሜሪካ በሜሪላንድ ሲሆን ሥራዬ አረጋውያንን በቤታቸው እየተገኙ መንከባከብ ነው። ላለፉት ሦስት ዓመታት የማግዛቸው ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና የተጠጋ አንዲት አይሁዳዊት እናት አሉ። ባለፈው ወር በፍሎሪዳ ማያሚ ቢች ይኖሩ ስለነበሩ ጡረተኞች የተሠራውን «ዘ ላስት ሪዞርት» የተባለ ዘጋቢ ፊልም አብረን ተመለከትን። እኔ ፎቶግራፎቹን ሳይ ዐይኔ እንባ አቀረረ። እሳቸው ግን ፊልሙ ሲያልቅ ፊታቸው ጠቁሮ፣ «እናቴ እዚያ ብዙ ዓመት ኖራለች። ስለ እሷና ስለ ጓደኞቿ ሌላው ሁሉ ሲናገር እሰማለሁ፤ የእነሱን ድምፅ ግን እምብዛም አልሰማሁም» አሉኝ። በእኔ ልብ ደግሞ ሌላ ነገር ይመላለሳል፦ ያን ሁሉ መንገድ ርቀው ብቻቸውን ሲኖሩ ልጆቻቸው ምነው ጧሪ ቀባሪ ሳይሆኑላቸው ቀሩ? የእሳቸው ቅሬታ ትክክል ነውን? እንዲህ ያሉ ፊልሞችንስ እንዴት ብናያቸው ይሻላል?

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ ቅሬታቸው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ዳይሬክተሮቹ ዴኒስ ሾልና ካሪም ታብሽ ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ2018 ለእይታ ሲያበቁ፣ በፎቶግራፎቹ ላይ ከሚታዩት አዛውንት መካከል ቀርቦ የሚናገር ሰው ማግኘት የማይታሰብ ያህል ነበር። አንዲ ስዊትና ጌሪ ሞንሮ የተባሉት ሁለት ወጣት የማያሚ ቢች ልጆች የከተማቸውን አረጋውያን ለዐሥር ዓመት ያህል ፎቶግራፍ ለማንሳት ተነጋግረው ሥራውን የጀመሩት በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ስዊት ዐሥሩን ዓመት ሳይደፍን በ1982፣ በ28 ዓመቱ፣ በሰው እጅ ተገደለ። ለጥበቃ የተቀመጡት ኔጌቲቮቹም፣ ማለትም ፎቶግራፎቹ የሚታተሙባቸው ዋና ፊልሞች፣ ጠፉ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን ቤተሰቡ የቀሩትን የሥራ ኅትመቶች፣ ማለትም ለሙከራ የታተሙትን ፎቶግራፎች፣ አግኝቶ የደበዘዘው ቀለም በኮምፒውተር እንዲመለስ ተደረገ። ስለዚህ ፊልሙ በአንድ ወገን የአዛውንቱ፣ በሌላ ወገን ደግሞ የሟቹ ፎቶግራፍ አንሺና የጠፉት ሥራዎቹ ታሪክ ነው፤ ሁለተኛው ልብ የሚነካ በመሆኑም የመጀመሪያውን ይጫነዋል። የእናቲቱ ጆሮ የያዘው ይህንን ይመስለኛል።

የፊልሙ ስም ራሱ በእንግሊዝኛ ሁለት ፍቺ አለው፤ «የመጨረሻው የመዝናኛ ስፍራ» ማለትም፣ «ሌላው ሁሉ ሲታጣ የሚያዝ የመጨረሻ አማራጭ» ማለትም ይሆናል። የባሕር ዳርቻ ጡረተኞችን የሚያሳዩ ዘጋቢ ፊልሞች ብዙ ጊዜ በዚህ በሁለተኛው ፍቺ ላይ ይንጠለጠላሉ። አንዲት አሮጊት ለካሜራው ጀርባቸውን ሰጥተው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው ዳርቻው የማይታይ ውኃ አለ፤ ከበስተጀርባ ፒያኖ በቀስታ ይሰማል። ይህንን ምስል ደጋግመን ከማየታችን የተነሣ ሴትዮዋ ምን እያሰቡ እንደሆነ የሚጠይቃቸው የለም፤ ሞትን እየጠበቁ ነው ብለን መልሱን እኛው እንሞላዋለን። የሚጠብቁት ግን ጎረቤታቸውን ሊሆን ይችላል።

በዚህ ረገድ የሁለቱ ፎቶግራፍ አንሺዎች ሥራ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል፤ ፊልሙ ከሰጠን ነገር ሁሉ እኔ የማስበልጠውም ይህንኑ ነው። ሁለቱ ያነሱት ያንኑ ሰፈር፣ በዚያው ዘመን፣ በዚያው የሆቴል በረንዳ ላይ በታጣፊ ወንበር የተቀመጠውን ሕዝብ ነው። ስዊት የሠራው በቀለም ነበር፤ በእሱ ሥዕሎች ውስጥ አበባ የተሰካበት የዋና ቆብ፣ ቀይ የከንፈር ቀለም፣ ፀሐይ ያጠየመው ቆዳ፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ግብዣ ላይ የተደፋ የወረቀት ባርኔጣ ይታያል። ሞንሮ የሠራው በጥቁርና ነጭ ነው፤ እዚያ ዐይን ቀድሞ የሚያርፈው በፊት ላይ ሽብሽብ፣ በግድግዳ ጥላና በሁለት ሰዎች መካከል ባለው ዝምታ ላይ ነው። ከሁለቱ አንዳቸውም አልዋሹም። ነገር ግን የአንደኛውን ብቻ ያየ ሰው ያ ሰፈር የደስታ መንደር ነው ሊል ይችላል፤ የሌላኛውን ብቻ ያየ ደግሞ የብቸኝነት መንደር ነው ብሎ ይደመድማል። ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ እናቲቱ ፈቃዳቸው ከሆነ ፊልሙን እንደገና ይክፈቱላቸውና በየፎቶግራፉ ላይ ቆም እያደረጉ፣ ለእናታቸው የሚቀርበው የትኛው እንደሆነ እንዲነግሩዎት ያድርጉ። የሚሰጡዎት መልስ ፊልሙ የጎደለውን ድምፅ በጥቂቱም ቢሆን ይሞላል።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን እነዚህ ሰዎች ለምን እዚያ እንደሄዱና ለምን ከዚያ እንደጠፉ ብዙዎቹ ፊልሞች የሚያወሱት በጥድፊያ መሆኑ ነው። ማያሚ ቢች በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ሲለማ አብዛኛው መሬት ለአይሁድ እንዳይሸጥ በውል ተከልክሎ ነበር፤ የተፈቀደላቸው በደቡቡ ጫፍ፣ ከአምስተኛው መንገድ በታች ያለው አካባቢ ነው። «ሳውዝ ቢች» ተብሎ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ስፍራ የአይሁድ አረጋውያን መናኸሪያ የሆነው እንግዲህ በምርጫ ብቻ አይደለም። ከኒው ዮርክ የመጡት ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት ፋብሪካ ያሳለፉ፣ ከምሥራቅ አውሮፓ የተሰደዱ፣ አንዳንዶቹም ከናዚ ጭፍጨፋ የተረፉ ነበሩ። በ1930ዎቹ የተሠሩት ትንንሽ ሆቴሎች በጊዜው ዋጋቸው ወድቆ ስለነበር፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ብቻ ያለው ሰው አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ፣ ቤቱ ጠባብ ቢሆንም በረንዳውንና አሸዋውን እንደ ሳሎን እየተጠቀመ ሊኖር ቻለ። የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ቋንቋ በሆነው በይዲሽ የሚያወጉት፣ የሚዘምሩት፣ ስለ ፖለቲካ የሚከራከሩት እዚያ ነው። ከሞቀ አየርና ከባሕር ያላነሰ የሳባቸው ከጡረታ ገንዘባቸው ጋር የሚመጣጠን የቤት ኪራይ ነበር።

መጥፋታቸውም እንዲሁ ነው። በ1970ዎቹ የከተማው አስተዳደር የደቡቡን ጫፍ አፍርሶ በቦዮች የተከፋፈለ ዘመናዊ መዝናኛ ለመገንባት አቅዶ፣ በአካባቢው አዲስ ግንባታ ለዓመታት ስለታገደ ቤቶቹ አረጁ፣ ባለንብረቶቹም ማደሱን ተዉት። በ1980 ከኩባ ማሪየል ወደብ ተነሥተው ወደ ፍሎሪዳ ከገቡት ወደ 125,000 ከሚጠጉ ስደተኞች መካከል ብዙ ድሆች በእነዚያው ርካሽ ሆቴሎች ተጠጉ፤ ወንጀል በረከተ፣ አረጋውያኑም ማታ ከበረንዳ መቀመጥ ፈሩ። ቀድሞ በ1979 አርት ዲኮ በተባለው የዚያ ዘመን የሥነ ሕንፃ ስልት የተሠሩት ሕንፃዎች በብሔራዊ የታሪካዊ ስፍራዎች መዝገብ ሰፍረው ስለነበር፣ በኋላ ባለሀብቱ ሲመጣ ሕንፃዎቹ ዳኑ፤ ኪራዩ ግን ጡረተኛው የሚችለው አልነበረም። የሞተው ሞተ፣ የቀረው ወደ ሰሜን ወዳሉት የጡረተኞች መንደሮች ተጓዘ። ይህን ሁሉ «ዘመን አለፈ» በሚል ሐረግ የሚጠቀልል ፊልም ሲገጥመን፣ ኪራዩን የጨመረው፣ እገዳውን የወሰነውስ ማን ነበር ብለን መጠየቅ አለብን። ሰው በራሱ ጊዜ ያረጃል፤ ሰፈሩ ከእጁ የሚወጣው ግን በሌላ ሰው ውሳኔ ነው።

ስለ ጧሪ ቀባሪ ያነሡት ጉዳይ የብዙዎቻችን ጥያቄ ስለሆነ በዝምታ አላልፈውም። እኛ ያደግነው ልጅ ወላጁን በቤቱ ሲጦር እያየን ነው፤ አሮጊት ለብቻቸው በሆቴል ክፍል ሲኖሩ ስናይ «ተጥለዋል» የሚል ፍርድ ሳናስበው ከአፋችን ይወጣል። ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ግን ከኒው ዮርክ ክረምት፣ አምስተኛ ፎቅ ከሚያደርስ ደረጃ፣ ከልጅና ከምራት ጥገኝነት ለመውጣት ራሳቸው ወስነው የሄዱ ናቸው። ይህ ማለት ብቸኝነት አልነበረም ማለት አይደለም። ሳሪ ጊልማን የተባለችው ዳይሬክተር ሴት አያቷ በኖሩበት፣ በዚያው በፍሎሪዳ በዴልሬይ ቢች በሚገኘው የጡረተኞች መኖሪያ የሠራችውና በ2012 የወጣው «ኪንግስ ፖይንት» የተባለ ግማሽ ሰዓት ያህል የሚፈጅ ፊልም ይህንን በግልጽ ያሳያል። በአጭር ዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ለኦስካር ታጭቶም ነበር። ከዐሥርት ዓመታት በፊት ከትዳር አጋሮቻቸው ጋር፣ በሙሉ ጤና የመጡ አምስት አዛውንት፣ አጋር ሲሞትና ጉልበት ሲከዳ ሕይወት ምን እንደሚመስል የሚናገሩት በራሳቸው አንደበት ነው። እናቲቱ ያጡትን ነገር እዚያ ያገኙታል ብዬ አስባለሁ፤ ኀዘኑ ከባድ ስለሆነ ግን ብቻቸውን እንዳያዩት አብረዋቸው ይቀመጡ።

ጥያቄ፦ በእንግሊዝ ደቡብ የባሕር ዳርቻ በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት እሠራለሁ። በቅርቡ ስለ ከተማዋ አረጋውያን ዘጋቢ ፊልም የሚሠራ ቡድን መጥቶ ነበር። የመርሳት ሕመም ያለባቸው አንዲት እናት ሰኞ ዕለት በፈገግታ እሺ ብለው ፈረሙ፤ ማክሰኞ ግን ካሜራውን ሲያዩ ደንግጠው እጃቸውን በፊታቸው ላይ ጋረዱ። ቡድኑ «ፈርመውልናል» ብሎ መቅረጹን ቀጠለ። እኔ ዝም አልኩ፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል። ምን ማድረግ ነበረብኝ?

ስሜ እንዳይገለጽ፣ ከእንግሊዝ

መልስ፦ ቀረጻው ማክሰኞ ዕለት መቆም ነበረበት። በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራው የ2005 የአእምሮ ብቃት ሕግ የአንድን ሰው የመወሰን ችሎታ የሚለካው በአንድ የተወሰነ ጉዳይና በአንድ የተወሰነ ጊዜ ነው፤ ሰኞ መወሰን የቻለ ሰው ማክሰኞ ላይችል ይችላል፤ ችሎታው ባለበትም ሰዓት ሐሳቡን የመለወጥ መብቱ የተጠበቀ ነው። መወሰን በማይችልበት ጊዜ ደግሞ በእሱ ስም የሚደረግ ማናቸውም ነገር ለእሱ የሚበጅ መሆን አለበት፤ ፊታቸውን በእጃቸው የጋረዱ ሰው በጄ የማይሉ መሆናቸውን የግድ በቃል መናገር የለባቸውም። የብሮድካስት ተቆጣጣሪው ኦፍኮም ያወጣው ደንብም እንደ ሆስፒታል ባሉ ስሱ ስፍራዎች ለመቅረጽና የተቀረጸውን ለማሰራጨት በአብዛኛው ሁለት የተለያዩ ፈቃዶች እንዲጠየቁ ያዛል። ስለዚህ ፊልሙ ገና ካልተላለፈ አልዘገዩም። ያዩትን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ጽፈው ለመጦሪያ ቤቱ ኃላፊ ይስጡ፤ ኃላፊው የእናቲቱን ቤተሰብ ወይም ሕጋዊ ወኪል አነጋግሮ ምስሉ እንዳይካተት በጽሑፍ ይጠይቅ።

ቡድኑ ተመልሶ ከመጣ ደግሞ ምን ቢያሳይ እንደሚሻል ለመንገር ከእርስዎ የተሻለ ሰው የለም። የእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተሞች የባቡር መንገድ ያበለጸጋቸው፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ደግሞ የዕረፍት ተጓዡ በርካሽ አውሮፕላን ወደ ስፔን በመሄዱ የተጎዱ ናቸው፤ ባዶ የቀሩ ብዙ ትልልቅ ሆቴሎችና የእንግዳ ማረፊያዎች እንደ እርስዎ ወዳሉ መጦሪያ ቤቶች ተለወጡ። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ በሰሜን ኖርፎክና የቤክስሂል ከተማ በምትገኝበት በሮዘር ወረዳ ከሦስት ነዋሪዎች አንዱ ያህል 65 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ነበር። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ዋና የሕክምና ኃላፊ ክሪስ ዊቲ ስለ ባሕር ዳርቻ ማኅበረሰቦች ባወጡት ዓመታዊ ሪፖርት የጤናው ሸክም ከባድ ሆኖ ሳለ ባለሙያው ጥቂት መሆኑን አሳይተዋል። ይህን የሚያህል ጉዳይ እያለ ካሜራው በኅዳር ዝናብ የተዘጋ አይስክሬም ቤት ሲቀርጽ መዋሉ ያሳዝናል። ከጠዋቱ 3፡30 ላይ፣ የአዛውንት የነፃ አውቶቡስ ካርድ መሥራት በሚጀምርበት ሰዓት፣ ፌርማታው ላይ ቢቆሙ መገበያያ ጋሪያቸውን እየሳቡ የሚመጡትን፣ ወደ ሐኪም፣ ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ወዳጅ ቤት የሚሄዱትን ያገኛሉ፤ የሚናገሩትም ብዙ ነገር አላቸው። በመጦሪያ ቤቱ ውስጥ ግን ቀረጻ በሚደረግበት ሰዓት ሁሉ የእርስዎ ቦታ ከካሜራው ጀርባ ሳይሆን ከእናቲቱ ጎን ነው፤ እጃቸውን ወደ ፊታቸው ሲያነሡ «ይቁም» የሚል ሰው እንዳይጠፋ።