አጥቂው ምን እንዲያይ ፈቀዳችሁለት?

ልጆቼ፣ የራሳችሁን የዲጂታል ፊርማ (መልእክቱ ከእናንተ መምጣቱን የሚያሳይ፣ በሚስጥር ቁልፍ የሚወጣ ቁጥር) ስልት ለመንደፍ የምትጓጉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጉጉታችሁ ደስ ይለኛል። እኔም በእናንተ ዕድሜ እንዲሁ ነበርኩ።

የመጀመሪያ ንድፌን ይዤ አንድ አንጋፋ አስተማሪዬ ዘንድ ሄድኩ። «ሦስት ወር ሙሉ ልሰብረው ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ» አልኳቸው። ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረጉና «አጥቂው ምን እንዲያይ ፈቀድክለት?» አሉኝ። አልገባኝም። «እስቲ ለ6 ፈርምልኝ።» ፈረምኩ። «ለ7ም።» ፈረምኩ። ሁለቱን ፊርማዎች አባዙና እኔ ያልፈረምኩትን የ42 ፊርማ ፊቴ አስቀመጡት። እ.ኤ.አ. በ1977 የተፈለሰፈው አርኤስኤ የተባለው ስልትም ያለ ሀሽ (መልእክቱን ወደ አጭር ቁጥር የሚጨምቅ ስሌት) በጥሬው ከተሠራበት ይኸው ቀዳዳ አለበት።

ለአስተማሪዬ ጥያቄ ጥርት ያለ መልስ የሰጡት ተመራማሪዎቹ ጎልድዋሰር፣ ሚካሊና ሪቬስት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1988። አጥቂው የፈለገውን መልእክት እየመረጠ ያስፈርም። እንዲያም ሆኖ ላልተፈረመ አንድ መልእክት፣ ትርጉም የለሽ ለሆነው እንኳ፣ ፎርጅድ ፊርማ መሥራት አይቻለው። ማረጋገጫ የሚባለው ከዚህ ይነሳል፦ ይህን ፎርጅድ የሠራ ሰው ስልቱ የተመሠረተበትን ከባድ የሒሳብ ጥያቄም ፈታ ማለት መሆኑን ደረጃ በደረጃ ታሳያላችሁ።

«ፍጥነቱስ?» ትሉኝ ይሆናል። ማረጋገጫችሁ ልል ከሆነ፣ ማለትም ፎርጅድ መሥራቱ ጥያቄውን ከመፍታት እጅግ ሊቀል የሚችል ከሆነ፣ ያንን ለማካካስ ቁልፉን ታስረዝማላችሁ፤ ረጅም ቁልፍ ደግሞ ፊርማውን ያዘገየዋል። ስለዚህ ማረጋገጫውና ፍጥነቱ አንድ ሥራ ናቸው። ሬይንቦ የሚባለው ስልት በፊርማው ማጠር ተወዶ ኒስት የተባለው የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ባካሄደው ውድድር እስከ መጨረሻው ዙር ደርሶ ነበር። ከታወቀ ከባድ ጥያቄ ጋር የሚያስተሳስረው ማረጋገጫ ግን አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ተመራማሪ የመጀመሪያውን የደህንነት ደረጃውን በአንድ ላፕቶፕ፣ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ሰበረው። ያን ሁሉ ዓመት የለፉበትን ሰዎች ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

ማረጋገጫ ስላላችሁም አትዘናጉ። ሽኖር የተባለው ተመራማሪ ያወጣውን የፊርማ ስልት በትናንሽ ቁጥሮች እንየው። ሚስጥራችሁ 7 ይሁን፤ ለዚህ ፊርማ በዘፈቀደ የወጣው ቁጥር 5። የመልእክቱ ሀሽ 3 ከሆነ ፊርማው 5 + 3 × 7 = 26 ነው። ለሌላ መልእክት፣ ሀሹ 5 ለሆነ፣ ያንኑ ዘፈቀደ ቁጥር ደገማችሁት እንበል፦ 5 + 5 × 7 = 40። አጥቂው 40 ሲቀነስ 26 ይላል፤ 14። የሀሾቹ ልዩነት 2 ነው፤ ያካፍላል። 7! ሚስጥራችሁ ወጣ። ማረጋገጫው አልዋሸም። ዘፈቀደው ቁጥር አንዴ ብቻ ይሠራበታል ብሎ ነበር የተነሳው፤ ያንን ግን ኮዱን የጻፈው ሰው አላነበበም። የሶኒ ፕሌይስቴሽን 3 ቁልፍም የወጣው የዚሁ ፊርማ ዘመድ በሆነ ስልት፣ በዚሁ ስህተት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በርሊን ላይ በአደባባይ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ኢዲ25519 የተባለ የፊርማ ስልት ዘፈቀደውን ቁጥር ከቁልፉና ከመልእክቱ ራሱ ያወጣዋል፤ ሲፈርም ዕጣ አይጥልም። ፊርማው 64 ባይት ብቻ ነው፤ ፈጣንም ነው። እንዲህ ያለ ንድፍ ሳይ ልቤ ይሞቃል።

ንድፋችሁን ስትልኩልኝ ኮዱ ይቆይ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሁለት ነገር ጻፉልኝ፦ አጥቂው ምን ማየት እንደሚችል፣ እና አንዴ ብቻ ይሆናል ብላችሁ ያመናችሁት ምን እንደሆነ። እኔም እርሳሴን ይዤ ከዚያው ገጽ እጀምራለሁ።