ወርቅ አይበላ፣ አይጠጣ፤ ታዲያ ለምን ይወደዳል?

«ወርቅ አይበላ፣ አይጠጣ። ማረሻ እንኳ አይሆን። ዋጋው ከየት መጣ?» (ከማራኪ)

እውነት ነው፣ ለማረሻ ይለሰልሳል። ግን አይዝግም። አሞሌ ጨውን ያስቡ። አያቶቻችን ይገበያዩበት ነበር፤ ዝናብ ካገኘው ግን ሟሟ፣ ወጥ ውስጥ ከገባም አለቀ። ወርቅ መቶ ዓመት ተቀብሮ ቢወጣ ያው ነው። ደግሞም ጥቂት ነው። እስከ ዛሬ በዓለም የወጣው ሁሉ ቢቀልጥ በየጎኑ 22 ሜትር ገደማ የሆነ ኩብ ነው የሚሆነው፤ ፋሲል ግቢ ውስጥ አንድ ጥግ ይበቃዋል። አሉሚኒየምም በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብርቅ ነበር። በ1886 በኤሌክትሪክ በቀላሉ ማውጣት ተቻለ፤ ዛሬ ድስታችን ሆኗል።

«አያቴ የተዉልኝ ጠገራ ብር 1780 ይላል። የእውነት ያን ያህል ያረጀ ነው?» (ከአራዳ)

ላይሆን ይችላል እህቴ። ምስሏ ያለው ሴትዮ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ናት፤ የሞተችው በ1780 ነው። ነጋዴው ግን ያቺኑ ሴትዮ ስለለመደ ብሩ ያንኑ ዓመት እንደያዘ መመታቱን ቀጠለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሮምና ለንደን ሳይቀሩ መትተውታል። ስለዚህ ዓመቱን ተዪና፣ እውነተኛ ጠገራ መሆኑን ለማየት ሚዛን ላይ አውጪው። 28 ግራም ገደማ መሆን አለበት፤ ከዚያ ውስጥ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ነው፣ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ። ስንቱ ቀልጦ መስቀልና አልቦ እንደሆነ ሳስብ የአንቺው መትረፉ ደስ ይላል። ቢጠቁር አትደንግጪ፣ አየር ላይ ያለው ድኝ ነው። ብቻ በአመድ እንዳትፈትጊው!

«የ18 ካራት ቀለበት ገዝቼ በወሩ ልሸጥ ስል ዋጋው ወረደ። ተበላሁ?» (ከአዘዞ)

የግድ አይደለም ወንድሜ። 18 ካራት ማለት ከ24 እጅ 18ቱ ወርቅ ነው። 5 ግራም ቀለበት ውስጥ ንጹሑ 3.75 ግራም ብቻ ነው። ስትገዛ የእጅ ዋጋም ከፍለሃል፤ ስትሸጥ ሚዛኑ እሱን አያውቅም። እኔም አንድ ጊዜ ገዢው ፈርጡን ነቅሎ ሲመዝንብኝ ፊቴ ጠቁሯል።

«ማግኔት ካልሳበው ወርቅ ነው?» (ስም የለውም)

አይደለም። ናስንም መዳብንም አይስብም። ከሳበው ግን ብረት ወይም እንደ ኒኬል ያለ ማግኔት የሚስበው ነገር አለበት፤ የሐብሉ መቆለፊያ ውስጥ ያለችው ስፕሪንግ ካልሆነች በቀር።