«ራጅ ያመክናል» ለተባልሽው እህቴ

የራዲዮግራፊ (ራጅ የማንሳት ሙያ) ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። የሆስፒታል ልምምድሽ ሊጀመር አንድ ወር ሲቀረው አባትሽ «ራጅ ያመክናል፣ ማን ያገባሻል?» ብለው ትምህርቱን እንድትተዪ ጠየቁሽ። ወንድምሽ ደግሞ አካውንቲንግ ብትገቢ ሙሉ ክፍያውን እችላለሁ ብሎሻል። ፊዚክስ እንደሚከብድሽና ኮምፒውተር ሥራውን ይወስድብኛል ብለሽ እንደምትሰጊም ጽፈሻል። እኔን ያንገበገበኝ የመጀመሪያው ነው፤ በዚህ ወሬ የተነሳ ጎበዝ ሴቶች ሙያውን ሳይጀምሩት ይተዉታል።

ጨረሩ ክፍሉ ውስጥ ተጠራቅሞ አይቀመጥም። በራጅ ማሽኑ ቱቦ ውስጥ ከጋለው ክር የሚወጡት ኤሌክትሮኖች በከፍተኛ ቮልቴጅ ተስበው ቱንግስተን የተባለውን ብረት ይመታሉ፤ ከጉልበታቸው 99 በመቶ ያህሉ ሙቀት ይሆናል፣ ጨረር የሚሆነው የቀረው 1 በመቶ ገደማ ነው። ቁልፉ ሲለቀቅ እሱም ያበቃል። ግድግዳውም፣ ጠረጴዛውም፣ ራጅ የተነሳው ታካሚም ጨረር ይዘው አይቀሩም። ስለዚህ ጉዳዩ ቁልፉ በተጫነባት ቅጽበት የት ቆመሽ እንደነበር ነው።

ሴትን ለዘለቄታው ለማምከን እንቁላል ማምረቻዋ በአንድ ጊዜ ከ2,500 እስከ 6,000 ሚሊግሬይ (አካል የሚቀበለው ጨረር መለኪያ) መቀበል አለበት። በራጅ ለአንድ የሰውነት ክፍል ሚሊግሬይና ሚሊሲቨርት (ጨረሩ ሊያደርስ የሚችለው ጉዳት መለኪያ) በቁጥር እኩል ናቸውና ይህን ከሥራ ቦታው ልክ ጋር አስተያዪው። ለጨረር ሠራተኛ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ጣሪያ በ5 ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው። ከመከላከያው ግድግዳ ኋላ ቆሞ ተራ ራጅ የሚያነሳ ባለሙያ ላይ የሚመዘገበው በአብዛኛው በዓመት ከ1 አያልፍም። አባትሽ ራሳቸው ከአፈሩ፣ ከአየሩና ከሕዋው በዓመት ጨረር ይቀበላሉ፤ የዓለም አማካዩ 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ነው።

ጨረር ሊያመጣ የሚችለውን ካንሰር ግን አላቃልለውም። ከዚህ በታች ፍጹም አይጎዳም የሚባል መጠን የለም ተብሎ ነው የሚሠራው፤ መጠኑ በጨመረ ቁጥር ዕድሉም ይጨምራል። የኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ እጁን ያለ መከላከያ ደጋግሞ ለጨረሩ ሲያጋልጥ ኖሮ በ1904 እ.ኤ.አ. በካንሰር ሞቷል። ዛሬም የሚጎዳው ቸልተኝነት ነው። ልምምድ ላይ ያለች ተማሪ የሚያለቅስ ሕፃን እንድትይዝ ትታዘዛለች። አትያዢ፤ ሕፃኑን ነፍሰ ጡር ያልሆነ ቤተሰብ የጨረር መከላከያ ሽርጥ ለብሶ ይያዘው። ወደ አንቺ የሚመጣው ጨረር በአብዛኛው ከታካሚው አካል ተበትኖ የሚወጣው ነው። ከ1 ሜትር ወደ 2 ሜትር ብትርቂ ወደ አንድ አራተኛ፣ ወደ 3 ሜትር ብትርቂ ወደ አንድ ዘጠነኛ ይወርዳል። 0.5 ሚሊሜትር እርሳስ (ሌድ የተባለው ብረት) ያለው ሽርጥ ከተበተነው ጨረር ከ90 በመቶ በላይ ያስቀራል። ሽርጡን ግን አጥፈሽ ወንበር ላይ አትጣዪው፤ ውስጡ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ከውጭ አይታይም። ይሰቀል። የጨረር መለኪያው ባጅ ደረትሽ ላይ፣ ከሽርጡ ሥር ይሁን። ማንሻ ክፍል ውስጥ ተሰቅሎ የዋለ ባጅ አንቺን ሳይሆን ክፍሉን ነው የሚለካው።

ወደፊት ስታረግዢ ወዲያው በጽሑፍ አሳውቂ። ካሳወቅሽ በኋላ እስክትወልጂ ፅንሱ ከ1 ሚሊሲቨርት እንዳያልፍ ሥራሽ ይስተካከላል፤ ፍሎሮስኮፒን (በጨረር እንደ ቪዲዮ የሚታየውን ምርመራ) ለሌላ ሰው ማስተላለፍ የተለመደ ነው። ራዲዮግራፈሮች ያረግዛሉ፣ ይወልዳሉ፣ ወደ ሥራቸውም ይመለሳሉ።

«ማን ያገባሻል» የሚለው ስለ ጨረር የተነገረ አይደለም፤ ማስፈራሪያ ነው። ለእሱ ብለሽ አንድ ሴሚስተር እንኳ አታቋርጪ። የወንድምሽንም ገንዘብ እንደ ስጦታ አልቆጥረውም፤ ሁለት ዓመት የለፋሽበትን ትምህርት የሚያስጥል ገንዘብ ነው። ከልቡ ከሆነ የቀረውን የራዲዮግራፊ ክፍያሽን ይሸፍን።

ፊዚክሱ ማሽኑ ፊት ስትቆሚ ይቀላል፦ ኪሎቮልቱ የጨረሩን የመብሳት አቅም፣ ሚሊአምፒር ሰከንዱ ብዛቱን ይወስናል። ሶፍትዌር ምስል ማንበብ ቢችልም ዳሌያቸው የተሰበረ አዛውንትን ሳያሳምም ጠረጴዛ ላይ የሚያስተካክል ሰው ያስፈልጋል። አልትራሳውንድና ኤምአርአይ ይህ ዓይነት ጨረር የላቸውም፤ ከወደድሻቸው ግቢባቸው፣ ፈርተሽ ግን አትምረጪያቸው። በእኔ እይታ ስትመረቂ ወደ ሲቲ (አካልን በራጅ ቆራርጦ ወደሚያሳየው ማሽን) ከመቸኮል ሁለት ዓመት ተራ ራጅ መሥራት፣ ከዚያም በጨረር ደህንነት መሠልጠን የተሻለ ነው። አቀማመጥ ያልተካነ ሰው ምስል ይደግማል፤ እያንዳንዱ ድጋሚ ደግሞ ታካሚውን ሁለተኛ ጨረር ያስከፍለዋል።

ልምምድ በምትጀምሪበት ቀን በስምሽ የተመዘገበ ባጅ፣ የክፍሉ ሠራተኞች የመጨረሻ የጨረር መጠን ውጤትና ሽርጦቹ የተፈተሹበትን ቀን ጠይቂ። ውጤቱን ሲያሳዩሽ ቁጥሮቹን ጽፈሽ ለአባትሽ ውሰጂላቸው፤ ንግግራችሁ ከእነዚያ ቁጥሮች ይጀምር። ያለ ባጅ ጀምሪ ካሉሽ ግን አትግቢ፣ ትምህርት ቤትሽ ሌላ ቦታ እንዲመድብሽ በጽሑፍ ጠይቂ። በዚህኛው ከአባትሽ ጋር ነኝ።